ሰማይን ከስሶ ሹምን ነጻ ማውጣት

ባለፈው ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ፣ እኛ ስደተኞች ቡና በምንጠጣበት የቨርጂኒያ አዳራሽ ውስጥ የተነሣው ክርክር ስኒ ሊያሰባብር ምንም አልቀረውም ነበር። ጉዳዩ ምርጫ አልነበረም፤ የድንበር ነገርም አልነበረም። «ምድር የምትሞቀው በሰው ሥራ ነው ወይስ በተፈጥሮ ዑደት?» የሚል ነበር። ሃያ ዓመት ታክሲ የነዳ አንድ ወንድማችን፣ ቀኑን ሙሉ መሪውን ጨብጦ የሚያዳምጠውን የአሜሪካ ሬዲዮ ዋቢ አድርጎ «ምድር ድሮም ትሞቃለች፣ ድሮም ትቀዘቅዛለች፤ ይህ ሁሉ ጫጫታ ግብር ለመጨመር ነው» አለ። በሀገር ቤት ሳሉ የጂኦግራፊ መምህር የነበሩ አንድ አዛውንት «አንተ ልጅ፣ ያ መኪናህ ከኋላው የሚተፋው ጭስ ወዴት የሚሄድ ይመስልሃል?» ሲሉ መለሱለት። ሦስተኛው ተከራካሪ ግን ሁለቱንም በአንድ ቃል ዘጋቸው። «ይህን ወሬ ያመጣብን መለስ ዜናዊ ነው! ኮፐንሃገን ሄዶ የቸረቸረንን ረሳችሁት?»

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። እኛም ሳቅን። ወደ ቤታችን ስንመለስ ግን ሳቁ አልዘለቀልንም፤ ምክንያቱም ሦስተኛው ሰው የተናገረው እኛ ራሳችን ለብዙ ዓመታት ስናስበው፣ አልፎ ተርፎም ስንጽፈው የኖርነውን ነገር ነው። ጠላትህ የተናገረው ሁሉ ሐሰት ይመስልሃል። በስደት ላይ ያለው ተቃዋሚ በዚህ በሽታ ክፉኛ ተለክፏል፤ እኛም ከበሽተኞቹ መካከል ነበርን። እንዴት እዚያ እንደ ደረስን ለመናገር ወደ ደላንታ መመለስ ግድ ይለናል።

በ1991 ዓ.ም. በወሎ የበልግ ዝናብ በከሸፈ ጊዜ፣ እኛ በአዲስ አበባ ይታተሙ ከነበሩት የግል ጋዜጦች በአንዱ እንሠራ ነበር። ዘመኑ ከኤርትራ ጋር የሚደረገው ጦርነት የተፋፋመበት፣ ሬዲዮኑ ከግንባር ወሬ በቀር ሌላ የማያወራበት ዘመን ነበር። ደላንታ በበልግ የሚኖር አምባ ነው። ገበሬው በየካቲትና በመጋቢት ዝናብ ገብሱን ካልዘራ፣ ክረምቱ ውርጭና ረግረግ ስለሚሆንበት ዓመቱን የሚያሻግረው እህል የለውም። በዚያ የሚኖሩ አንድ አረጋዊ ገበሬ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው አገኘናቸውና «አባባ፣ ዝናቡ ምን ሆነ?» ብለን ጠየቅናቸው።

«ዝናቡማ መምጫውን ረሳ ልጄ» አሉን። «የማዳበሪያ ዕዳ ጠያቂው ግን ቀኑን አልሳተም።»

አንዱን በሬያቸውን ለዕዳው፣ ሁለተኛውን ለእህል ሸጠው ነበር። የእርዳታ እህል ይመጣል ተብሎ ሁለት ጊዜ ተመዝግበዋል፤ አልመጣም። ማታ ወደ ከተማይቱ ስንወርድ አንድ ሹም አስጠርቶን ሻይ ጋበዘን፤ ሰውየው ትሑት ነበር፤ ይህን አንክድም። «ርሃብ ብላችሁ እንዳትጽፉ» አለን። «የአየር መዛባት ነው። አየር ደግሞ ተጠሪነቱ ለእኛ አይደለም።» በቀልዱ ራሱ ሳቀ። እኛ የገበሬውን ቃል ጻፍን፤ ከዚያ በኋላ የተከተለው ጥሪና ምርመራ በዚያ ዘመን የግል ጋዜጣ ላይ የሠራ ሁሉ የሚያውቀው ስለሆነ አንዘረዝረውም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ «የአየር መዛባት» የሚለውን ሐረግ በሰማን ቁጥር የዚያ ሹም ሳቅ ይመጣብናል። የሳይንቲስቶችን ሪፖርት ለማንበብ የዘገየነውም ስለዚህ ነው። እነሆ ዘግይተንም ቢሆን አነበብን፤ የደረስንበትንም ለአንባቢ ማካፈል ዕዳችን ሆነ።

በመጀመሪያ ለታክሲ ነጂው ወንድማችን የሚገባውን እንስጠው። ተፈጥሮ ምድርን በራሷ አሙቃና አቀዝቅዛ አታውቅም የሚል ካለ ተሳስቷል፤ ለዚህ ምስክሩ ደግሞ የገዛ ሀገራችን ናት። ዛሬ ጭው ያለ ነፋስ የሚገርፈው የባሌው ሳነቴ አምባ በበረዶው ዘመን በበረዶ ግግር የተሸፈነ ነበር። ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አቢያታና ሻላ ዛሬ አራት ሐይቆች ናቸው፤ ሰሃራ ለምለም በነበረበት፣ ከአምስት ሺህ ዓመት በፊት ባበቃው የእርጥበት ዘመን ግን አንድ ትልቅ ሐይቅ ነበሩ። ይህን ያደረገው የማንም ፋብሪካ አልነበረም። ምድር በፀሐይ ዙሪያ የምትጓዝበት መንገድና የዘንጓ ዘመም በአሥር ሺዎች ዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ ስለሚለዋወጥ ነው፤ ሚሉቲን ሚላንኮቪች የተባለው ሰርቢያዊ ሊቅ የዕድሜውን ግማሽ ያህል በዚህ ስሌት ላይ ፈጅቶበታል። ከዚህ በአጠረ ጊዜ ደግሞ ኤል ኒኞ አለ፤ የሰላማዊ ውቅያኖስ ውኃ በየጥቂት ዓመቱ ሲሞቅ የእኛ ክረምት ይሳሳል። በካይሮ የሮዳ ደሴት የአባይን ሙላት ከ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሲለካ የኖረው ድንጋይ፣ ከእኛ ተራሮች የሚወርደው ውኃ ለተከታታይ ዓመታት ሲጠግብና ለተከታታይ ዓመታት ሲከሳ መኖሩን መዝግቦ አስቀምጧል። የዮሴፍ ሰባቱ የጥጋብና ሰባቱ የርሃብ ዓመታት ከዜሮ የተነሡ አይደሉም።

እንግዲህ ወንድማችን እዚህ ድረስ ትክክል ነው። የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው።

የሚላንኮቪች ዑደት የሚቆጠረው በሺህ ዓመታት ነው፤ አሁን ያለንበትን ሙቀት ግን አያቶቻችን አያውቁትም። በዚያ ስሌት ብቻ ብንሄድማ ምድር ዛሬ እጅግ በዝግታ መቀዝቀዝ ነበረባት። ፀሐይን የከሰሱም ነበሩ። ከእ.ኤ.አ. 1978 ጀምሮ ሳተላይቶች የፀሐይን ብርታት ያለማቋረጥ ሲለኩ ቆይተዋል፤ በ11 ዓመት ዑደቷ ከመውጣትና ከመውረድ በቀር እየበረታች አልሄደችም። ሙቀቱ ግን ሄዷል። «እሳተ ገሞራውስ?» የሚል ደግሞ አይጠፋም፤ በተለይ ኤርታ አሌ ያለችበት ሀገር ልጅ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። በዓለም ያሉት እሳተ ገሞራዎች በሙሉ ተደምረው በዓመት የሚያወጡት ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሰው ልጅ ከሚያወጣው መቶኛ እጅ እንኳ አይሞላም።

ከሁሉ በላይ ያሳመነን ግን ሌላ ነገር ነው፤ እንደ ጋዜጠኛ የጣት አሻራ ስለምንወድ ይሆናል። የሚያሞቀን ፀሐይ ቢሆን ኖሮ አየሩ ከላይ እስከ ታች በሙቀት መጨመር ነበረበት። የሆነው ተቃራኒው ነው፤ እኛ የምንተነፍሰው የታችኛው አየር ሲሞቅ ስትራቶስፌር የተባለው የላይኛው ንጣፍ ቀዝቅዟል። ይህ ምልክት የሙቀቱን መውጫ ከታች የሚያፍን ብርድ ልብስ እንዳለ ይነግረናል። ስዩኩሮ ማናቤና ባልደረባው ይህን እ.ኤ.አ. በ1967 በስሌት አስቀድመው አሳይተውት ነበር፤ ማናቤ በ2021 የፊዚክስ ኖቤል ተሸልመዋል። ብርድ ልብሱ ከየት መጣ ለሚለውም መልስ አለ። ከድንጋይ ከሰልና ከነዳጅ የሚወጣ ካርቦን ለሚሊዮኖች ዓመታት ተቀብሮ ስለኖረ ካርቦን 14 የተባለውን ራዲዮአክቲቭ ዓይነት ጨርሶታል፤ በአየር ውስጥ የተጨመረው ካርቦን ይኸው አሮጌ ካርቦን መሆኑ በላቦራቶሪ ይታወቃል። ቻርልስ ኪሊንግ እ.ኤ.አ. በ1958 በሃዋይ ተራራ ላይ መለካት ሲጀምር ከሚሊዮን የአየር እጅ 315ቱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበር፤ ከኢንዱስትሪው ዘመን በፊት 280 ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከ420 አልፏል። ከአንታርክቲካ በረዶ የተቀዳው የ800,000 ዓመት አየር ሲመረመር ከ300 ብዙም ያለፈበት ጊዜ አልተገኘም።

ይህ ዕውቀት የአል ጎር ፈጠራ እንዳልሆነም ይታወቅ። ዩኒስ ፉት የተባለች አሜሪካዊት ካርቦን ዳይኦክሳይድ በፀሐይ ከተራ አየር አብልጦ እንደሚሞቅ በጠርሙስ ሞክራ ያሳየችው እ.ኤ.አ. በ1856 ነው፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ከነገሡ ገና በዓመቱ! ስቫንቴ አሬኒየስ የተባለው ስዊድናዊ ካርቦኑ በእጥፍ ቢጨምር ምድር ምን ያህል እንደምትሞቅ ያሰላው በአድዋው ዓመት በ1896 ነበር። የዓለም መንግሥታት ሳይንቲስቶች ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት የሰው ልጅ ምድርን ማሞቁ የማያጠራጥር ነው ሲል ከመቶ ዓመት በላይ የተጠራቀመ ማስረጃን ጠቅልሎ መናገሩ ነው። የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት እንደሚለው 2024 ከኢንዱስትሪው ዘመን በፊት ከነበረው በ1.5 ዲግሪ በላይ የሞቀ የመጀመሪያው ዓመት ሆኗል። ዶናልድ ትራምፕ በጥር 2025 አሜሪካ ከፓሪሱ ስምምነት እንድትወጣ የፈረሙት ትእዛዝ ቴርሞሜትሩን አልቀየረውም።

ስለዚህ ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሳችን ግልጽ ነው፤ ሰው ነው። ግን የትኛው ሰው? የድርጊቱ ዋና ባለቤት የደላንታው ገበሬ እንዳልሆነ የታወቀ ነው። አንድ ኢትዮጵያዊ በአማካይ በዓመት ከነዳጅና ከመሰል ነገሮች የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ0.2 ቶን በታች ነው። አሜሪካዊ 14 ቶን ያህል፣ ኳታር ውስጥ የሚኖር ደግሞ ከ30 ቶን በላይ። እኛ ስደተኞችም ቨርጂኒያም ሆነ ዶሃ ብንኖር ከወጣንበት ቤት ይልቅ የገባንበትን ቤት እንመስላለን፤ ይህን መስማት የማይወድ ጓደኛ አለን።

አሁን ወደሚያንገበግበን ነገር እንምጣ። ምድር በሰው ሥራ መሞቋ እውነት ከሆነ፣ የደላንታው ሹም ትክክል ነበር ማለት ነውን? አይደለም። ለዚህም ሁለት ድርቆችን ጎን ለጎን ማየት ይበቃል።

በ2007 እና በ2008 ዓ.ም. ኤል ኒኞ ያስከተለው ድርቅ 10.2 ሚሊዮን ወገኖቻችንን ለአስቸኳይ የምግብ እርዳታ ዳርጓል። ዓለም አቀፍ ተመራማሪዎች ይህን ድርቅ መርምረው እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት፣ በዝናቡ ላይ የሰው ሠራሽ ሙቀት አሻራ ጎልቶ እንዳላገኙበትና ብርቅ የሆነ የተፈጥሮ ክስተት እንደነበረ ጽፈዋል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቦረናን፣ ሶማሌንና የኬንያን ሰሜን ያደረቀው፣ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ የከሸፉበት ድርቅ ግን ሌላ ነው። የአየር ሁኔታን መንስኤ የሚመረምረው የሳይንቲስቶች ቡድን በሚያዝያ 2023 እንዳስታወቀው፣ እንዲህ ያለው ድርቅ በሰው ሠራሹ ሙቀት ምክንያት የመከሰት ዕድሉ ቢያንስ መቶ እጥፍ ያህል ጨምሯል፤ በዋናነትም ሙቀቱ ከአፈሩና ከሣሩ የሚያተንነው ውኃ ስለበዛ ነው። አንዱ ድርቅ ከተፈጥሮ፣ ሌላው ከሰው እጅ። ሳይንሱ ሐቀኛ ስለሆነ ሁሉንም በአንድ ከረጢት አይከትም። በሁለቱም ድርቆች ግን ከአዲስ አበባ የሰማነው መግለጫ አንድ ዓይነት ነበር።

እንዲያውም ድሮ የተፈጥሮ ይመስለን የነበረው እየቆየ የሰው ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ሳህልን የመታው ድርቅ በመጀመሪያ የተላከከው በዘላኑ ላይ ነበር፤ ፍየሉ ሣሩን ጨረሰ፣ መሬቱ ተራቆተ፣ ዝናቡም ቀረ ተባለ። ቆየት ብሎ መንስኤው የውቅያኖሶች የሙቀት ለውጥ መሆኑ ታወቀ። እ.ኤ.አ. ከ2002 ወዲህ ደግሞ ከአውሮፓና ከሰሜን አሜሪካ ፋብሪካዎች የወጣው የድኝ ጭስ የሰሜኑን ንፍቀ ክበብ በማቀዝቀዝ የዝናቡን ቀበቶ ወደ ደቡብ እንደገፋው፣ ለድርቁም ድርሻ እንደነበረው የሚያሳዩ ጥናቶች ታትመዋል። የእኛ የሰሜኑ ክረምትም የሚዘንበው ይኸው ቀበቶ ወደ ላይ ሲወጣ ነው። ፍየሏ ለስንት ዓመት በሐሰት ተከሳ ኖረች!

ይህ ሁሉ ሆኖ ድርቅና ርሃብ አንድ አይደሉም። አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ የ1965ቱን የወሎ ርሃብ መርምረው፣ በሀገሪቱ የነበረው አጠቃላይ እህል ያን ያህል እንዳልቀነሰ፣ በደሴ ገበያ ዋጋው ብዙ እንዳልናረ፣ ይባስ ብሎም እህል ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይጫን እንደነበረ አሳይተዋል። ሰው የሞተው የሚገዛበት ስላጣ ነው። በ1977 ዓ.ም. ደርግ አሥረኛ ዓመቱን በሰልፍና በድግስ ሲያከብር ኮረም ላይ ሬሳ ይሰለፍ ነበር። ከዚያ በፊት የነበረውን ክፉ ቀን እንኳ ብናነሣ፣ ዝናቡ ከመጥፋቱ ጋር ከብቱን የፈጀው ደስታ በሽታ በምጽዋ በኩል የገባው ጣልያኖች ባስመጧቸው ከብቶች ነበር።

አቶ መለስ ዜናዊን በተመለከተ ፍርዳችንን አንቀይርም፤ ምክንያታችንን ግን እናስተካክላለን። እ.ኤ.አ. በ2009 የአፍሪካ ቃል አቀባይ ሆነው ወደ ኮፐንሃገን ሲሄዱ «ምድርን ያሞቁት ባለጸጎቹ ናቸው፣ ካሳ ይክፈሉን» ማለታቸው ሐቅ ነበር። ቅሬታ ያስነሣባቸው አስቀድመው ስብሰባ ረግጠን እንወጣለን ብለው ዝተው ሲያበቁ፣ ከፓሪስ ላይ ከሳርኮዚ ጋር ተስማምተው መምጣታቸው ነው፤ የአፍሪካ ሲቪክ ማኅበራት በግልጽ ተቃውመዋቸዋል። በዓመት 100 ቢሊዮን ዶላር የተባለው ቃል የተያዘለት ቀነ ገደብ 2020 ነበር፤ የባለጸጎቹ ማኅበር ራሱ እንዳመነው ሞላ የተባለው በ2022 ነው። በዚያው በ2009 ሀገር ቤት የወጣው አዋጅ ቁጥር 621/2001 ደግሞ፣ ከገቢያቸው ከአሥር በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ማኅበራት በሰብአዊ መብት ላይ እንዳይሠሩ ከልክሎ ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. እስኪሻር ድረስ አሥር ዓመት ሠርቷል። በጥቅምት 2010 ሂዩማን ራይትስ ዎች የእርዳታ እህልና የሴፍቲኔት ምዝገባ ተቃዋሚ የተባለውን ገበሬ መቅጫ መሆኑን የሚያሳይ ሪፖርት አወጣ፤ መንግሥት አስተባበለ። እንግዲህ ሰማዩን ማን እንዳበላሸው በዓለም መድረክ የሚጠይቅ መንግሥት፣ የቀበሌውን መዝገብ ማን እንደሚያበላሽ የሚጠይቀውን ያስር ነበር።

ዘመን ተለወጠ፣ ሰዎቹም ተለወጡ። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ስንዴ ወደ ውጭ መላክ ጀመርን ብለው ሲያበስሩ፣ በዚያው ሰሞን በቦረና የከብት ሬሳ ሜዳውን ሸፍኖት ነበር። በሰኔ 2023 የአሜሪካው የተራድኦ ድርጅት ዩኤስኤይድ (ዛሬ ፈርሷል) እህሉ በሰፊው እየተዘረፈ ነው በማለት እርዳታውን በመላ ሀገሪቱ አቋረጠ፤ ሌባው ሲፈለግ የተራበው ሰው ወራት ጠበቀ። በጥር 2016 ዓ.ም. የእንባ ጠባቂ ተቋም በትግራይና በአማራ ወደ 400 የሚጠጉ ሰዎች በርሃብ መሞታቸውን አስታወቀ። ቀናት ሳይቆዩ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ምክር ቤት ቀርበው በርሃብ የሞተ ሰው የለም አሉ። የደላንታው ሹም ሃያ አምስት ዓመት ቆይቶም አልሞተም ማለት ነው። ከዚያ በፊት በትግራይ በሰኔ 2013 ዓ.ም. ከ350,000 በላይ ሰዎች በከፋ ርሃብ ውስጥ እንደነበሩ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች የተደገፈ ጥናት ሲነግረን፣ ዋና መንስኤ አድርጎ ያስቀመጠው ጦርነቱን ነበር። እርሱንም በአየር ላይ ለማላከክ የሞከረ ነበረ፤ አንበጣም ነበርና።

ችግኙን በተመለከተ ክፉ አንናገርም። ዛፍ መትከል መልካም ነው። በአንድ ቀን 350 ሚሊዮን ተተከለ ሲባል ግን ስንቱ እንደጸደቀ በገለልተኛ አካል ተቆጥሮ በየወረዳው ይውጣ ብለን ብንጠይቅ ፀረ ልማት አያሰኘንም።

ለሰንበቱ ክርክራችን የምናመጣው ይህንኑ ነው። ታክሲ ነጂው ወንድማችን ሬዲዮውን ይቀይር። ሦስተኛው ወዳጃችንም መለስን ለመጥላት ሲል ቴርሞሜትሩን አይጥላ፤ የካሳውን ጥያቄ ለገዢዎች ብቻ ከተውነው ገንዘቡ ሲመጣም በእነርሱ እጅ ይቀራል። እኛ በምንኖርበት ሀገር ድምፅ ያለን ሰዎች እንደራሴዎቻችንን ስንጎበኝ፣ ስለ እስረኞች ከምናስገባው ደብዳቤ ጎን ለአየር ንብረት ተብሎ ወደ ኢትዮጵያ የተላከው ገንዘብ በየትኛው ወረዳ ምን እንደሠራ ሒሳቡ እንዲታይ የሚጠይቅ አንድ አንቀጽ እንጨምር።

በሀገር ቤት ያላችሁ አንባቢዎቻችንን ደግሞ አንድ ነገር እንለምናለን። በደላንታ፣ በዋግ፣ በቦረና፣ በአፋር ያላችሁ፣ ዘንድሮ በልጉ ወይም ክረምቱ በየትኛው ቀን እንደ ጀመረና በየትኛው ቀን እንዳቆመ፣ እህል ይመጣል የተባለበትንና የመጣበትን ቀን፣ ከመዝገብ የተሰረዘ ካለም የተነገረውን ምክንያት ላኩልን። ስማችሁን አትጻፉ፤ ቀኑንና ቦታውን ብቻ።